ቦርሳዬን ማን ነካው

መስከረም 9

ለብሎኔ፣

እንዴት ሰነበትክልኝ? እኔ ደህና ነኝ። ጉልበቴ ብቻ ደረጃ ስወጣ ትንሽ ያጉረመርማል። ስልክ እያለ ለምን ትጽፊልኛለሽ ብለህ እንዳትስቅብኝ። በስልክ ስንገናኝ አንተም «ሰላም ነው»፣ እኔም «ሰላም ነው» እንባባልና እንዘጋለን። ስጽፍ ግን ቁጭ ብዬ አስባለሁ፤ አንተም ሳታቋርጠኝ ትሰማኛለህ።

«እስከ መቼ ነው አረንጓዴው መስክ ላይ የምትቀመጪው?» ላልከኝ መልሱ ቀላል ነው፤ ደስ ብሎኝ ነው የምቀመጠው። ይህን ጌም ያስጀመርከኝ እግሬ ተሰብሮ ቤት በዋልኩበት ጊዜ፣ ሆድ እንዳይብሰኝ ብለህ ነበር። ፈዋሽ ሁኚ አልከኝ፣ ሆንኩ። ስሜንም ጠብታ አልኩት። ይኸው እግሬ ድኖ ሥራ ከገባሁ በኋላ እንኳ ጠዋት ጠዋት ትንሽ ካልተጫወትኩ ቀኑ የነጋ አይመስለኝም። ገና የጀመሩ ልጆች ተኩላ ሲያባርራቸው እየሮጡ ወደ እኔ ይመጣሉ፤ አክማቸዋለሁ፤ «እናመሰግናለን ጠብታ» ብለውኝ ይሄዳሉ። አንተ የጀማሪ ሰፈር ትለዋለህ። ለእኔ ሆስፒታሉ ውስጥ መድኃኒት የማድልበትን መስኮት ነው የሚመስለኝ።

ደግሞም እኛ ጋ አዲስ ለመጣ ፋርማሲስት የተቆለፈው ቁም ሳጥን ቁልፍ ወዲያው አይሰጠውም። ከባድ ከባዶቹ መድኃኒቶች ያሉት እዚያ ነው። መጀመሪያ ቀላሉ ላይ ሲሳሳት እናየዋለን። አለመሳሳቱን አይደለም የምንጠብቀው፤ ስህተቱን ራሱ ማግኘቱን ነው። እኔም ገና ነኝ። አንተ ግን የበለጠ ታውቃለህና ንገረኝ፣ ሰው ወደ ከባዱ ቦታ መቼ ነው የሚያልፈው?

ቦርሳዬን እንደ መደርደሪያዬ ይዤዋለሁ፤ ቀድሞ የተገዛው ከፊት፣ አዲሱ ከኋላ። ጌም ውስጥ መድኃኒት አይበላሽም ብለህ ስቀህብኛል። ባይበላሽም እጄ የለመደው እንደዚያ ነው።

የጠየቅከኝ የይለፍ ቃል የአያትህ የቤት ስም ነው፣ ከኋላው የተወለድክበት ዓመት። ፊደሉን አተልቅልኝ፤ መነጽር ላይ መነጽር መደረብ ሰልችቶኛል። ሌላ ነገር እንዳትነካ። አያትህን ሳነሳ፣ ሰሞኑን በሕልሜ ቁም ሳጥኗ ፊት ቆማ «ማን ነካው?» ስትል አየኋት። በሽታዋ የጀመራት በዚያች ጥያቄ አይደል? ማንም ሳይነካባት «ማን ነካው?» እያለች ከርማ፣ በመጨረሻ እኔን የወለደችኝን «አንቺ ማን ነሽ?» አለችኝ። ምን ይህን አስጻፈኝ። በል ተወው።

አክስትህ


መስከረም 20

እትዬ፣

ደብዳቤሽን ያነበብኩት በምንጠግነው አሳንሰር ውስጥ ቆሜ ነው። ባልደረባዬ ከላይ ኬብሉን ሲፈትሽ እኔ ከታች «እሺ» እስኪለኝ መጠበቅ ነበረብኝ፤ «ከታች ያለኸው፣ ተኝተሃል እንዴ?» እስኪለኝ ድረስ አነበብኩ። ጉልበትሽን በሙቅ ውኃ ያዥው። ለፋርማሲስት ምክር ይሰጣል ወይ እንዳትዪኝ።

መቼ እንደሚታለፍ ጠይቀሽኛል። ያለሽበት ቦታ አውሬ ሲመታሽ ካላመመሽ፣ ስትገድዪውም ምንም ካልጨመረልሽ፣ እዚያ መቆየት ጊዜ ማባከን ነው። ጉም ደንን በአሥራ አምስት ደረጃ ይገቡታል፣ ቀይ ገደልን በሃያ። አንቺ አሥራ አንድ ላይ ድንኳን ተክለሽ ተቀምጠሻል። ቁጥሩ ሲሞላ በሩ ይከፈታል፣ አለቀ። እንደ ቁም ሳጥንሽ ማንም ቆሞ አያይሽም።

እኛ የመሥሪያ ቤት ልጆች ቡድን አለን፤ ቀይ ገደልን ግን ያለ ፈዋሽ አንሞክረውም። «አንዲት ጎበዝ ፈዋሽ አውቃለሁ» ብያቸዋለሁ። ማን እንደሆንሽ አልነገርኳቸውም፤ ኋላ ይገረሙ ብዬ ነው። ቶሎ ቶሎ በይልኝ እንግዲህ።

ፊደሉን አስተካክዬልሻለሁ። ሌላ ምንም አልነካሁም።

ብሎን


ጥቅምት 4

ለብሎኔ፣

ፊደሉ እጅህን ይባርከው ያሰኛል። አሁን ያለ መነጽር ሁሉ አነባለሁ።

«እንኳን ደስ አለሽ፣ አሥራ አምስት ገባሽ፤ እንዴት ነው ታዲያ?» ብለህ የላክህልኝን አጭር መልእክት መጀመሪያ ቀልድ መስሎኝ ነበር። ገብቼ ሳየው እውነትም አሥራ አምስት ይላል። አልደብቅህም፣ መቼ እንደደረስኩበት አላውቅም። ጠዋት ጠዋት እንደ ወትሮዬ ልጆቹን ማከም ብቻ ነው የማስታውሰው። ጨዋታው ራሱ ይጨምራል እንዴ? ሠራተኛ ላይ እንደሚጨመር የአገልግሎት እርከን ነገር ይሆን?

ቦርሳዬም ተደርድሮ ጠበቀኝ። በእኔ አደራደር አይደለም፤ ቀዩ ከቀዩ፣ ሰማያዊው ከሰማያዊው። ሲያዩት ያምራል፤ ግን እንዲህ የሚደረደር ከረሜላ ነው እንጂ መድኃኒት አይደለም። «ማን ነካው?» ብዬ ጻፍኩና አጠፋሁት። አሁን መልሼ ጻፍኩት። እባክህ መልሱን ቶሎ ላክልኝ።

አክስትህ


ጥቅምት 6

እትዬ፣

ቸኩዬ ነው የምጽፍልሽ፣ ሰው አሳንሰር ውስጥ ተይዞ ተጠርተናል።

ጨዋታው በራሱ ደረጃ አይጨምርም። አንቺው ነሽ የተጫወትሽው፤ ረስተሽው ነው። ሰው ሲመሰጥ እኮ ሰዓቱ ራሱ አይታወቀውም። ቦርሳውንም «አደራጅ» የምትል ቁልፍ አለች፣ ሳታስቢው ነክተሻት ነው የሚሆነው። እንዲህ ባለ ነገር ደግሞ ይጨነቃል? ይልቅ ሃያ ስትገቢ ቅዳሜ ከእኛ ጋር ቀይ ገደል ትገቢያለሽ።

ብሎን


ጥቅምት 25

ለብሎኔ፣

እንዴት ነህ? እኔ ደህና ነኝ።

ለምን ደብዳቤዬ እንዳጠረ ጠይቀሃል። ሥራ በዝቶብኝ ነው። ድሮ ሁለቴ የማየውን ወረቀት አሁን አራቴ አያለሁ፤ ሰልፉ ይረዝማል። አብራኝ የምትሠራው ልጅ፣ አምና የተቀጠረችው ፋርማሲስት፣ «እትዬ፣ ምን ሆነሻል?» አለችኝ። ጉንፋን ነው አልኳት። የቆጠርኩትን ሁሉ አንቺም ቁጠሪልኝ ስላት ሳትሰለች ትቆጥርልኛለች፤ ልጅቷ ጨዋ ናት። እኔ ግን ፊቷን ማየት አፍራለሁ።

ዛሬ ደረጃዬን ሃያ ሆኖ አገኘሁት። መቼ ነው ብዬ ከእንግዲህ አልጠይቅህም፤ ነግረኸኛል። ቅዳሜ እመጣለሁ ያልኩትንም አላጥፍም።

አንድ ነገር ልጠይቅህ። አያትህ መርሳት ስትጀምር ስንት ዓመቷ ነበር? እናትህን እንዳትጠይቃት። አንተ ራስህ ትዝ ካለህ ብቻ ነው።

አክስትህ


ጥቅምት 29

ለብሎኔ፣

ከቅዳሜ ወዲህ ስልክህን ያላነሳሁት ተቀይሜህ አይደለም። ምን ብዬ እንደምጀምር ጠፍቶኝ ነው።

ይቅር በለኝ፣ ልጄ። በጓደኞችህ ፊት አዋረድኩህ። እንደ ልማዴ «እንደምን ዋላችሁ ልጆች? ቤተሰብ ሁሉ ደህና ነው?» ብዬ ጻፍኩ፤ እሱን ጽፌ ቀና ስል የገደሉ ዘንዶ ሦስቱን ጥሏቸዋል። ላክማቸው ስል ከፊቴ የተደረደሩት ቁልፎች ሁሉ አዲስ ናቸው። አንዱንም አላወቅሁትም። ተምሬያቸው ረስቻቸው እንደሆነ አሰብኩ፤ አንዱን ብነካ ጭራሽ ሁላችሁንም ዘንዶው እግር ሥር ጠራኋችሁ። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ።

የጻፉትን ሁሉ አንብቤዋለሁ። ፊደሉን አተልቀህልኝ የለ። «ይቺን ማን አመጣት?» አለ አንዱ። ሌላው «ሃያ ደረጃ ሆና እንዲህ? ሌላ ሰው ተጫውቶላት ነው» አለ። ለእኔ ብሎ ማን ይለፋል ብዬ ሳቅሁ። አንተን «ያመጣሃት አንተ አይደለህ?» ሲሉህ «በስም ነው የማውቃት እንጂ ቅርበት የለንም» ብለህ መለስክ። ደህና አደረግክ። እንዲህ ያለች አክስት አለችኝ ብሎ በሰው ፊት መናገር ከባድ ነው፤ እኔም በአንተ ዕድሜ ብሆን እንደዚያው እል ነበር።

አሁን ትንሽ ልረፍ።

አክስትህ


ኅዳር 3
(ተጽፎ ያልተላከ)

እትዬ፣

ሌላ ሰው ተጫውቶላት ነው ያለው ልጅ ልክ ነው። ሌላው ሰው እኔ ነኝ።

አንቺ መስኮትሽ ላይ ቆመሽ መድኃኒት ስታድዪ፣ እኔ ከፈረቃ ወጥቼ አልጋዬ ላይ ጋደም ብዬ በአንቺ ስም እጫወት ነበር። መጀመሪያ የገባሁት እውነትም ፊደሉን ላስተካክል ነው። ከዚያ ከገባሁ አይቀር ትንሽ ልርዳት አልኩ። ትንሽ ትንሽ እያለ ልማድ ሆነ። «አደራጅ» የሚለውንም የነካሁት እኔ ነኝ፤ ዕቃ ፈልጌ ሳጣ ሁሌ እሱን ነው የምነካው፤ የአንቺ አደራደር አንድም ቀን ትዝ አላለኝም። ቁልፎቹንም ለእኔ እጅ እንዲመቹ አድርጌ የቀያየርኳቸው እኔ ነኝ። ዘንዶው እግር ሥር የጣልኩሽ እኔ ነኝ።

ለምን ብትዪኝ፣ አሥራ አንድ ደረጃ ላይ ያለች ፈዋሽ ይዤ መምጣት አፈርኩ። አክስቴ ናት ማለትም አፈርኩ። ከአክስቱ ጋር የሚጫወት ይሉኛል ብዬ። አሁን ሳነበው እንዴት የልጅ ነገር ነው። አንቺ ቤት ነው ያደግሁት፤ የወንበርሽን ብሎን እየፈታሁ ስንቴ ጣልኩሽ፣ አንድ ቀን እንኳ ለሰው ከስሰሽኝ አታውቂም፤ ስሜን ብሎን አልሽኝ እንጂ። እኔ ግን ቅርበት የለንም አልኩ።

ከሁሉ የባሰው ግን «ረስተሽው ነው» ያልኩት ነው። ከአፌ ያመለጠ ነገር ነው፣ ለመሸፈኛ። አያቴ መርሳት ስትጀምር ስንት ዓመቷ ነበር ብለሽ ስትጽፊልኝ ነው ምን እንዳደረግሁ የገባኝ። ያን ቀን መናገር ነበረብኝ፤ አልተናገርኩም። ቅዳሜ ቀርቦ ነበርና ልጆቹን ምን እላቸዋለሁ ብዬ ነው።

ላክ የሚለውን ልነካ እልና ይህን ስታነቢ ፊትሽ ይታየኛል። በስልክ ብነግርሽ ሳይሻል አይቀርም።


ኅዳር 18

ለብሎኔ፣

ማክሰኞ ደውለህ «የምነግርሽ ነገር አለ» አልከኝና ስለ ዝናቡ አውርተህ ዘጋህ። እኔም የምነግርህ ነገር ነበረኝ፤ እኔም ስለ ዝናቡ ነው ያወራሁት። ስለዚህ በደብዳቤ ይሁን።

የመሥሪያ ቤቱን ስልክ ለምን ሌላ ሰው እንዳነሳው ጠይቀኸኛል። መስኮቱ ላይ የለሁም። የቁም ሳጥኑን ቁልፍ ለአለቃዬ መልሻለሁ። ማንም አላስገደደኝም፣ ስህተትም አልሠራሁም። አንዲት እናት ትኩሳት የያዘው ሕፃን አዝላ መጣች፤ ጠርሙሱን ይዤ ቆምኩ። የለካሁት ልክ ነበር፤ ልጅቷም አይታ ልክ ነው አለችኝ። እኔ ግን ማመን አቃተኝ። ሌላም ቀን ለክቼ የማላስታውሰው ቢኖርስ? አንድ ደህና ያልሆነ ነገር አድዬ ቢሆንስ? የሰው ልጅ በእጄ ላይ ሆኖ ራሴን ካላመንኩ እዚያ መቆሜ ምን ይሠራል? ለአለቃዬ «እናቴም እንዲህ ነው የጀመራት» ስላቸው ጠረጴዛውን ነበር የማየው።

አሁን ጓዳ ውስጥ ካርቶን እከፍታለሁ። ስገባም ስወጣም በኋላ በር ነው፤ የለመዱኝ በሽተኞች «የት ጠፋሽ?» እንዳይሉኝ። ሐኪም ጋ ቀጠሮ ይዣለሁ። ሦስት ቃል ይነግሩሽና ትንሽ ቆይተው መልሰው ይጠይቁሻል ብላኛለች አንዲት ነርስ። ከአሁኑ ቤት ውስጥ ሦስት ሦስት ቃል እየያዝኩ እለማመዳለሁ፤ እንደ ሰነፍ ተማሪ። ለእናትህ እንዳትነግራት። እሷም ራሷን መጠርጠር ትጀምራለች።

ጠብታን ሰው ከፈለጋት ስጥልኝ፤ ካልሆነም አጥፋት። የይለፍ ቃሉን ታውቀዋለህ።

አክስትህ


ኅዳር 19

እትዬ፣

ምንም አልረሳሽም። አንድም ነገር አልረሳሽም።

ከዚህ በታች ኅዳር ሦስት ጽፌ ያልላክሁት ደብዳቤ አለ። አንድም ቃል አልቀየርኩበትም፤ ላሳምረው ብዬ አፍሬ ተውኩት። እሱን አንብቢውና ሁሉንም ታገኚዋለሽ። ማክሰኞ የደወልኩት ይህንኑ ልነግርሽ ነበር። ድምፅሽን ስሰማ ስለ ዝናቡ ማውራት ጀመርኩ።

ያን ደብዳቤ በጊዜው ልኬው ቢሆን ቁልፉ ዛሬም ኪስሽ ውስጥ ነበር። ይህን ሳስብ እህል አልወርድ ብሎኛል። ከፈለግሽ ለአለቃሽ ደውዬ ሁሉንም ልንገራቸው። ከፈለግሽ ፈቃድ ወስጄ ልምጣና ፊትሽ ቆሜ ስደቢኝ። ይቅርታ አድርጊልኝ ለማለት አፍ የለኝም።

ለቡድኑ ልጆች ዛሬ ምሳ ላይ ነግሬያቸዋለሁ። አክስቴ ናት፣ ያሳደገችኝ ናት፣ ያን ቀን ጥፋተኛው እሷ ሳትሆን እኔ ነኝ አልኳቸው። ማንም አልሳቀም። ምሳቸውን መብላት ቀጠሉ።

ብሎን


ታኅሣሥ 2

ለብሎን፣

መልሴ የዘገየው ልቀጣህ አይደለም። «አልረሳሽም» የሚለውን ሳነብ ወንበሬ ላይ እንዳለሁ አለቀስኩ፤ ደስታ ነው። ቀጥሎ የመጣው ግን ንዴት ነበር፤ ያን ቀን ብጽፍልህ ኖሮ ዕድሜ ልክህን የማትረሳው ነገር እጽፍልህ ነበር። በርዶልኝ ልጻፍ ብዬ ነው የቆየሁት።

ለአለቃዬ ልደውል ወይ ላልከኝ፣ አትደውል። ራሴ ገብቼ ነገርኳቸው። «የእህቴ ልጅ በጌም በስሜ ይጫወትልኝ ነበር፤ እኔ የታመምኩ መሰለኝ» ብሎ ማስረዳት እንዴት እንደሚያሳፍር አልነግርህም። በሽታ ቢሆን አንገቴን ባልደፋሁ። እሳቸው ደግሞ አልሳቁም፤ ቢስቁ ይሻለኝ ነበር። «ሐኪሙን ግን ይዩት» አሉኝ። ሄድኩ። ሦስቱንም ቃል መለስኩ። ሐኪሙ ጤነኛ ነሽ ብለው ሲፈርሙልኝ «ምን አስጠረጠረሽ?» አሉኝ፤ ጨዋታ ነው አልኳቸው። ለጊዜው መስኮቱ ላይ የምቆመው ከልጅቷ ጋር ነው፤ ቁልፉም እሷ ጋ ነው። መድኃኒት ለክቼ ሳስረክብ አሁንም እጄ ያመነታል። በሐኪም ፊርማ ወዲያው የሚመለስ ነገር አይደለም።

ልሰድብህ ብዬ ተቀምጬ ግን የመጣችብኝ አያትህ ናት። «ቁም ሳጥኔን ማን ነካው?» ስትል እኔና እናትህ እንተያይ ነበር። «ማንም አልነካውም እማዬ፣ ረስተሽው ነው» እላት ነበር። አንዴ እንኳ ሄጄ አላየሁም። መታመሟ እውነት ነው፤ ኋላ ሁላችንም አይተነዋል። በዚያ መሀል ግን አንድ ቀን እውነትም ሰው ነክቶባት ቢሆንስ? ቤት ውስጥ ብሎን የሚፈታ ልጅ ነበረ። ያን ጊዜ ምን እንደተሰማት አሁን ዐወቅሁት፤ ለማን ሄጄ ይቅርታ እንደምጠይቅ ነው ያላወቅሁት።

አንተን ይቅር ብዬሃለሁ ማለት እፈልጋለሁ፤ ገና ከአፌ አልወጣልኝም። ይወጣል። አትምጣ፤ ሥራህን ሥራ። እህልህንም ብላ።

ጠብታን አጥፍቻታለሁ። ሃያው ያንተ ልፋት ነው፤ አላሳዘነኝም። አሥራ አንዱ ግን የእኔ ነበር፣ እሱም አብሮ ሄደ። አዲስ ጠብታ አውጥቼ ከአንድ ጀምሬያለሁ፣ እዚያው አረንጓዴው መስክ ላይ። ትናንት አንድ ባለ ትልቅ ጋሻ ሰው መጥቶ ከፊቴ ቆመና «እትዬ፣ እንደምን ዋልሽ? ቤተሰብ ሁሉ ደህና ነው?» ብሎ ጻፈልኝ። «ማን አመጣት?» ያለው ልጅ መሆኑን ራሱ ነገረኝ። እኔም ተኩላው እስኪደርስብኝ ድረስ ቤተሰቡን አንድ በአንድ ጠየቅሁት። ሞትኩ፤ ግን ለምን እንደሞትኩ አውቃለሁ።

አንተም መምጣት ከፈለግክ በር አልዘጋብህም። ያን ሁሉ ብረትህን አውልቀህ፣ ከአንድ ጀምረህ ና። መቼ እንደምናልፍ ግን ሁለተኛ እንዳትጠይቀኝ። ቁጥር ስለሞላ አላልፍም። ስሳሳት ስህተቱን ራሴ የማገኝበት ቀን፣ ያኔ እነግርሃለሁ።

የይለፍ ቃሉን ቀይሬዋለሁ። የትም አልጻፍኩትም፣ ለማንም አልነገርኩም። በየጠዋቱ አስታውሼ ነው የምገባው።

አክስትህ